ፍራንቻኮርታ፣ ትሬንቶ፣ አልታ ላንጋ ወይስ ኦልትሬፖ? የጣሊያን አረፋማ ወይን ጠጅ መምረጫ

ጣሊያን ውስጥ አረፋማ ወይን ጠጅ የተደረደረበት መደርደሪያ ሰውን ግራ ያጋባል። አንዱ ጠርሙስ 7 ዩሮ ይላል፤ አጠገቡ ያለው 25 ዩሮ። የሁለቱም ጠርሙስ ወፍራም ነው። የሁለቱም ቡሽ በሽቦ ታስሯል። ሲከፈቱም ሁለቱም ይተኩሳሉ። ታዲያ የ18 ዩሮው ልዩነት ከየት መጣ?

ይህን ጥያቄ በብራንድ ስም ለመመለስ መሞከር አያዋጣም። እኔ አስቀድሜ የማየው ጊዜን ነው። ወይን ጠጁ ጠርሙሱ ውስጥ ከእርሾው አተላ ጋር ስንት ወር ቆየ? የጣሊያን ሕግ ለየአካባቢው ዝቅተኛውን ቆይታ በወር ቆጥሮ ደንግጓል። ይህን የሚያውቅ ገዢ በሻጩ ምክር ብቻ አይመራም።

እዚህ የማወዳድረው አራት አካባቢዎችን ነው፦ ፍራንቻኮርታ፣ ትሬንቶ፣ አልታ ላንጋ እና ኦልትሬፖ ፓቬዜ። አራቱም እንደ ሻምፓኝ ጠርሙሱ ውስጥ ሁለተኛ ጊዜ የሚፈላ ወይን ጠጅ ይሠራሉ። ጣሊያኖች አሠራሩን «ሜቶዶ ክላሲኮ» ይሉታል። ዓመቶቹን በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የጻፍኩት።

መጀመሪያ መስፈርቶቹ

*አረፋው እንዴት ተፈጠረ?* ወይኑ አሲዱ ሳይወርድ፣ ትንሽ ቀደም ብሎ ይለቀማል። ቀስ ተብሎ ይጨመቃል። መጀመሪያ የሚገኘው አረፋ የሌለው፣ ኮምጠጥ ያለ ቀጭን ወይን ጠጅ ነው። ባለሙያው የተለያዩ ማሳዎችን፣ አንዳንዴም የተለያዩ ዓመታትን ምርት ይቀላቅላል። ከዚያ በሊትር ወደ 24 ግራም ስኳርና እርሾ ተጨምሮበት ጠርሙስ ውስጥ ይገባል። የሚዘጋው በቆርኪ ነው። እርሾው ስኳሩን ሲበላ ጋዝ ይወጣል፤ ጋዙ መውጫ ስለሌለው እዚያው ይሟሟል። ግፊቱ እስከ 6 ባር ይደርሳል። ይህ ከመኪና ጎማ ግፊት በእጥፍ ይበልጣል፤ ጠርሙሱ የወፈረውም ለዚህ ነው።

እርሾው ሥራውን ሲጨርስ ይሞትና ይዘቅጣል። ለእኔ ትልቁ ነገር የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። የሞተው እርሾ ቀስ በቀስ እየፈረሰ ወይን ጠጁን ያበለጽገዋል። የዳቦ ቅርፊት፣ የተቆላ ለውዝ፣ የቅቤ ሽታ ይመጣል። አረፋው ይደቅቃል፤ አፍ ውስጥ መዋጋቱን ትቶ ይለሰልሳል። ይህን ለማፋጠን አቋራጭ የለም። ጠርሙሱ በምድር ቤት ጨለማ ውስጥ ተኝቶ መቆየት አለበት፤ አምራቹም ገንዘቡ እስኪመለስ አብሮ ይጠብቃል። ዋጋውን ከፍ የሚያደርገው አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ጊዜው ሲደርስ ጠርሙሱ በጥቂት በጥቂቱ እየዞረ አፉ ወደ ታች ይደረጋል። አተላው አንገቱ ላይ ይሰበሰባል። ዱሮ ይህ በእጅ ሳምንታት የሚፈጅ ሥራ ነበር፤ አሁን በአብዛኛው በማሽን ነው። አንገቱ ከዜሮ በታች 25 ዲግሪ ገደማ በቀዘቀዘ ፈሳሽ ውስጥ ይነከራል። ቆርኪው ሲነሳ በረዶ የሆነው አተላ በግፊቱ ተስፈንጥሮ ይወጣል። ይህ «ስቦካቱራ» ይባላል። የጎደለው በወይን ጠጅና እንደ ዓይነቱ በትንሽ ስኳር ይሞላል፤ ቡሹም ይገባል።

ያ የ7 ዩሮው ጠርሙስ ብዙውን ጊዜ ፕሮሴኮ ነው። እሱ ሁለተኛ ጊዜ የሚፈላው ትልቅ የብረት ጋን ውስጥ ሲሆን የሚወስደውም ሳምንታት ነው። መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም። ሌላ ነገር ነው፤ ወደ እሱ እመለሳለሁ።

*ስንት ወር?* ለመነሻ ያህል ሻምፓኝን እንውሰድ። የምርት ዓመት ያልተጻፈበት ሻምፓኝ ከመሸጡ በፊት 15 ወር ጠርሙስ ውስጥ መቆየት አለበት፤ ከዚህ ውስጥ 12ቱ ከአተላው ጋር ነው። ከታች የጣሊያኖቹን ቁጥሮች ስታዩ ይህን አስታውሱ።

*የትኛው ወይን ነው?* በአራቱም አካባቢዎች ሁለት የወይን ዓይነቶች ዋናዎቹ ናቸው። ሻርዶኔ ነጭ ነው፤ የአበባና የሎሚ ሽታ፣ ቀጥ ያለ አሲድ ይሰጣል። ፒኖ ኔሮ ቆዳው ጥቁር፣ ጭማቂው ነጭ ነው፤ ጉልበትና የቀይ ፍሬ ጣዕም ይሰጣል። የሻርዶኔው ድርሻ ሲበዛ ወይን ጠጁ ይቀላል፤ ፒኖ ኔሮው ሲበዛ ምግብ የመቋቋም አቅሙ ይጨምራል።

*ስኳሩስ?* ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ጠርሙሱ ላይ «ኤክስትራ ድራይ» ሲል ደረቅ መስሎን እንገዛለን፤ ከ«ብሩት» ይልቅ የሚጣፍጠው ግን እሱ ነው። በሊትር ሲለካ መሰላሉ እንዲህ ነው። ፓ ዶዜ፣ ዶዛጆ ዜሮ ወይም ናቱሬ የሚባለው ስኳር ያልተጨመረበት ሲሆን ከ3 ግራም በታች ነው። ኤክስትራ ብሩት እስከ 6፣ ብሩት ከ12 በታች፣ ኤክስትራ ድራይ ከ12 እስከ 17፣ ድራይ ከ17 እስከ 32፣ ዴሚ ሴክ ከ32 እስከ 50 ግራም።

*ቁጥጥሩስ?* ጣሊያን ሁለት ዋና የመነሻ ስያሜ ደረጃዎች አሏት፦ ዲ.ኦ.ሲ. እና ዲ.ኦ.ሲ.ጂ.። በሁለቱም ማሳው የተመዘገበ መሆን አለበት። የወይኑ ዓይነት፣ ከሄክታር የሚሰበሰበው ምርት፣ የቆይታው ጊዜ ሁሉ በደንብ ተጽፏል። ወይን ጠጁ ከመሸጡ በፊት በላቦራቶሪ ይመረመራል፤ ቀማሾችም ይፈትኑታል። ዲ.ኦ.ሲ.ጂ. ከፍተኛው ደረጃ ነው፤ ጠርሙሱ ቁጥር ያለው የመንግሥት ማኅተም ወረቀት አለው። ይሁን እንጂ ይህችን አንዲት ፊደል ብቻ አይቶ መግዛት ስህተት ነው። ምክንያቱን ትሬንቶ ላይ ታገኙታላችሁ።

ፍራንቻኮርታ

ቦታው ሎምባርዲያ ውስጥ፣ ከኢዜዮ ሐይቅ በስተ ደቡብ፣ ብሬሻ አጠገብ ነው። የጥንት የበረዶ ግግር ጠጠርና አሸዋ ገፍቶ የቆለላቸው ኮረብታዎች ናቸው። ሐይቁ ክረምቱን ያለዝባል፤ በበጋም አየሩን ያቀዘቅዛል።

ታሪኩ ረጅም አይደለም። በ1950ዎቹ ፍራንኮ ዚሊያኒ የሚባል ወጣት የወይን ጠጅ ባለሙያ የጉይዶ ቤርሉኪን ነጭ ወይን ጠጅ እንዲያሻሽል ተጠራ። እሱ ግን ከዚያ አልፎ እንደ ፈረንሳዮቹ አረፋማ እንሥራ የሚል ሐሳብ አቀረበ። ሙከራዎች ከከሸፉ በኋላ በ1961 ምርት 3,000 ጠርሙስ ተሳካላቸው። በ1967 አካባቢው የዲ.ኦ.ሲ. ስያሜ አገኘ። በ1995 ደግሞ ዲ.ኦ.ሲ.ጂ. ሆነ፤ በጣሊያን በዚህ አሠራር ከሚሠሩት አረፋማ ወይን ጠጆች የመጀመሪያው ነው። ዛሬ በዓመት ወደ 20 ሚሊዮን ጠርሙስ ይወጣል። በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ እዚህ መድረሱ ያስደንቀኛል።

ደንቡ ጥብቅ ነው። ወይኑ በእጅ ይለቀማል። የሚፈቀዱት ሻርዶኔ፣ ፒኖ ኔሮ፣ ከግማሽ ሳይበልጥ ፒኖ ቢያንኮ እና እስከ 10 በመቶ ኤርባማት ናቸው። ኤርባማት የብሬሻ ጥንታዊ ነጭ ወይን ነው። ከሌሎቹ ዘግይቶ ይበስላል፤ አሲዱም ከፍተኛ ነው። በ2017 ወደ ደንቡ የገባው አየሩ እየሞቀ ስለሆነ ነው። በሙቀት ሻርዶኔ ቶሎ ይበስላል፤ አሲዱም ይወርዳል። ፍራንቻኮርታ ውስጥ ለቀማ ነሐሴ ላይ መጀመሩ አሁን የተለመደ ነው። የድሮ ወይን መልሶ መትከል ለዚህ ብልህ መልስ ይመስለኛል።

ቆይታው እንደ ዓይነቱ ይለያያል። መሠረታዊው ከአተላው ጋር ቢያንስ 18 ወር ይተኛል፤ ከሻምፓኙ ዝቅተኛ ቆይታ በግማሽ ዓመት ይበልጣል። ሮዝ ቀለም ያለው ሮዜና ሳቴን 24 ወር፣ የምርት ዓመት የተጻፈበት ሚሌዚማቶ 30 ወር፣ ከሁሉም ረጅም የሚቆየው ሪዜርቫ 60 ወር። ሪዜርቫ ከለቀማው ጀምሮ 67 ወር ሳይሞላው አይሸጥም። አምስት ዓመት ተኩል አለፈ ማለት ነው።

ሳቴን ልዩ ቦታ ይገባዋል። ይህ ዓይነት የሚገኘው እዚህ ብቻ ነው። ከነጭ ወይን ብቻ ይሠራል፤ ግፊቱ ከ5 ባር አይበልጥም፤ ሁልጊዜም ብሩት ነው። አረፋው አፍ ላይ አይቆነጥጥም። «ሻምፓኝ ነገር አፍንጫዬን ያቃጥለኛል» ለሚሉ እናቶችና አክስቶች ከዚህ የተሻለ የማቀርበው የለኝም።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ፍራንቻኮርታ ላይ «ሜቶዶ ክላሲኮ» የሚል ጽሑፍ አትፈልጉ። እንደ ሻምፓኝ የአካባቢው ስም ብቻውን ይበቃል።

ድክመቱ ዋጋው ነው። ለሚላን ቅርብ ስለሆነ ስሙ ገኗል፤ የስሙንም ትከፍላላችሁ። መሠረታዊው ብሩት አንዳንዴ ከጥሩ የትሬንቶ ጠርሙስ በጥራት ብዙም አይበልጥም።

ትሬንቶ

እዚህ፣ በሰሜን ጣሊያን፣ ወይኑ የሚያድገው ተራራ ላይ ነው። ከሸለቆው ወለል ተነስቶ ከባሕር ጠለል በላይ እስከ 800 ሜትርና ከዚያ በላይ ይወጣል። ቀን ፀሐይ፣ ማታ ብርድ። ከሰዓት በኋላ ከጋርዳ ሐይቅ በኩል ኦራ የሚባለው ነፋስ ይመጣል። ይህ የቀንና የሌሊት ልዩነት አሲዱንና ሽታውን ይጠብቃል። የአየር ሙቀት እየጨመረ ሲሄድ ከፍታ ያለው አካባቢ ይጠቀማል፤ ስለዚህ ወደፊትም በትሬንቶ ላይ እምነት አለኝ።

መሥራቹ ጁሊዮ ፌራሪ ነው። ፈረንሳይ ሄዶ አሠራሩን ተማረ፤ በ1902 ትሬንቶ ውስጥ ሥራ ጀመረ። በአካባቢው ሻርዶኔን ያስፋፋው እሱ ነው። ልጅ ስላልነበረው በ1952 ድርጅቱን ለብሩኖ ሉኔሊ ሸጠ። ከመኪናው ፌራሪ ጋር ዝምድና የለውም። በ2021 ግን ለፎርሙላ 1 መድረክ ስለተመረጠ ብዙ ሰው አንድ ያደርጋቸዋል።

ትሬንቶ በ1993 ዲ.ኦ.ሲ. ሆነ፤ እስከ ዛሬም ዲ.ኦ.ሲ. ነው። ያቺ «ጂ» የለችውም። ሆኖም ከጣሊያን ምርጥ አረፋማ ወይን ጠጆች ብዙዎቹ የሚወጡት ከዚህ ነው። ፊደሏ የደንቡን ደረጃ እንጂ የምላስን ፍርድ አትናገርም።

ሻርዶኔ ዋናው ነው፤ ፒኖ ኔሮ፣ ፒኖ ቢያንኮና ፒኖ ሙኒዬም ይፈቀዳሉ። ቆይታው ለመሠረታዊው 15 ወር፣ ለሚሌዚማቶ 24፣ ለሪዜርቫ 36 ነው። ጠርሙሱ ላይ «ትሬንቶዶክ» የሚል ምልክት ፈልጉ። በወረቀት ላይ ከፍራንቻኮርታ ያነሰ ጊዜ ነው። ብዙ አምራቾች ግን ከዝቅተኛው በላይ ያቆያሉ፤ ትልልቆቹም በብዛት ስለሚያመርቱ ዋጋው ይመቻል።

አልታ ላንጋ

ፒዬሞንቴ ባሮሎ የሚባለው ቀይ ወይን ጠጅ አገር ናት። ከባሮሎ ኮረብታዎች በላይ፣ ቀዝቃዛው ከፍታ ላይ፣ የለውዝ ዓይነት የሆነው ሃዘልነት ይበቅላል። አልታ ላንጋ እዚያ ነው። ደንቡ ማሳው ቢያንስ 250 ሜትር ከፍታ ላይ እንዲሆን ያዛል።

የጣሊያን ሜቶዶ ክላሲኮ የተወለደው በዚህ ክፍለ ሀገር ነው። ካርሎ ጋንቻ ሻምፓኝ አገር ተምሮ ተመለሰና በ1865 ካኔሊ ከተማ ውስጥ የመጀመሪያውን ሠራ። ያኔ የተጠቀመው ጣፋጩን ሞስካቶ ወይን ነበር። የካኔሊ የመሬት ውስጥ ጎተራዎች ዛሬ በ2014 በዩኔስኮ የተመዘገበው የፒዬሞንቴ ወይን አካባቢ አካል ናቸው። አልታ ላንጋ ራሱ ግን አዲስ ስያሜ ነው፤ በ2002 ዲ.ኦ.ሲ.፣ በ2011 ዲ.ኦ.ሲ.ጂ. ሆነ።

ሕጉን ሳነብ ደስ የሚለኝ የዚህ ነው። ቢያንስ 90 በመቶው ፒኖ ኔሮ፣ ሻርዶኔ ወይም ሁለቱ መሆን አለባቸው። መሠረታዊ የሚባል ዝቅተኛ ዓይነት የለም። እያንዳንዱ ጠርሙስ የምርት ዓመቱ ተጽፎበታል፤ እያንዳንዱ ቢያንስ 30 ወር ተኝቷል። ሪዜርቫው 36 ወር ነው። ስለዚህ ምንም ሳያውቁ ቢያነሱት እንኳ ከረጅም ቆይታ በታች አያገኙም። ከፍራንቻኮርታ ሚሌዚማቶ ጋር እኩል ቆይታ ነው፤ ዋጋው ግን ብዙ ጊዜ ወደ መሠረታዊው ይጠጋል። ችግሩ ምርቱ ትንሽ መሆኑ ነው። ከጣሊያን ውጭ ማግኘት ያስቸግራል።

ኦልትሬፖ ፓቬዜ

ከፖ ወንዝ በስተ ደቡብ፣ በፓቪያ አውራጃ ያሉ ኮረብታዎች ናቸው። ጣሊያን ውስጥ ፒኖ ኔሮ በስፋት የተተከለው እዚህ ነው። ለረጅም ዘመን ወይኑ ለፒዬሞንቴ አምራቾች ይሸጥ ነበር፤ ስሙ ሳይጠራ ቀረ። በ2007 የዲ.ኦ.ሲ.ጂ. ስያሜ አገኘ። ቢያንስ 70 በመቶ ፒኖ ኔሮ መሆን አለበት፤ ጠርሙሱ ላይ «ፒኖ ኔሮ» ከተባለ 85 በመቶ። ቆይታው 15 ወር፣ ዓመት ከተጻፈበት 24 ነው። ከሁሉም ርካሹ ይኸው ነው። ጥራቱ ከአምራች አምራች በጣም ይለያያል፤ ስለዚህ በደርዘን ከመግዛት በፊት አንድ ጠርሙስ መቅመስ ያስፈልጋል።

ባጭሩ በሰንጠረዥ

ዋጋው ጣሊያን ውስጥ ለመሠረታዊው ጠርሙስ በአብዛኛው የሚጠየቀው ግምት ነው።

| አካባቢ | ደረጃ | ዋና ወይን | ዝቅተኛ ቆይታ ከአተላ ጋር | ጠባይ | ዋጋ በዩሮ |
|---|---|---|---|---|---|
| ፍራንቻኮርታ | ዲ.ኦ.ሲ.ጂ. | ሻርዶኔ፣ ፒኖ ኔሮ | 18፣ 24፣ 30፣ 60 ወር | የበሰለ፣ ለስላሳ | 18–30 |
| ትሬንቶ | ዲ.ኦ.ሲ. | ሻርዶኔ | 15፣ 24፣ 36 ወር | ቀጥ ያለ፣ ቀዝቃዛ፣ አሲዱ ንቁ | 13–25 |
| አልታ ላንጋ | ዲ.ኦ.ሲ.ጂ. | ፒኖ ኔሮ፣ ሻርዶኔ | 30፣ 36 ወር | ጠንካራ፣ ጥልቅ | 18–30 |
| ኦልትሬፖ ፓቬዜ | ዲ.ኦ.ሲ.ጂ. | ፒኖ ኔሮ | 15፣ 24 ወር | ሙሉ፣ ለምግብ የሚሆን | 12–20 |
| ፕሮሴኮ (በጋን) | ዲ.ኦ.ሲ. ወይም ዲ.ኦ.ሲ.ጂ. | ግሌራ | ጠርሙስ ውስጥ አይፈላም | ፍሬያማ፣ ቀላል | 6–12 |

ለማን የቱ?

*ለሠርግ ወይም ለትልቅ ድግስ።* አንድ ጠርሙስ 750 ሚሊ ሊትር ነው፤ 6 ብርጭቆ ይቀዳል። ለ120 እንግዳ አንድ ዙር ብቻ ከሆነ 20 ጠርሙስ ይበቃል፤ ሁለት ሦስት መጠባበቂያ ጨምሩበት። ሙሽሮች ኬክ ቆርሰው ሲያጋጩ ብቻ የሚጠጣ ከሆነ ትሬንቶ ብሩት በቂና የሚያኮራ ነው። በጀቱ ጠባብ ከሆነ ኦልትሬፖን ቀምሳችሁ ውሰዱ። ግን ከኬኩ ጋር ብሩት መራራ መስሎ ሊሰማ ይችላል፤ የጣፋጭ ሰዓት ከሆነ ዴሚ ሴክ ይሻላል።

*ከበርበሬ ጋር።* ሚላን ወይም ሮም ያለ ሐበሻ ቤት ውስጥ ጠርሙሱ ከዶሮ ወጥ ጎን መቀመጡ አይቀርም። ስኳር የሌለው ፓ ዶዜ በርበሬን ያባብሳል፤ አሲዱና አረፋው ምላስ ላይ ይጮኻሉ። ከ8 እስከ 11 ግራም ስኳር ያለው ብሩት ወይም ኤክስትራ ድራይ ቅመሙን ያበርደዋል። ለአልጫ ሳቴን ጥሩ ጓደኛ ነው። ለክትፎ ግን ጉልበት ያስፈልጋል። እኔ የማነሳው ፒኖ ኔሮ የበዛበት አልታ ላንጋ ነው። ኦልትሬፖ ሮዜም ይሆናል።

*ለአለቃ ወይም ለአማች ስጦታ።* እዚህ ስሙም ዋጋ አለው። ፍራንቻኮርታን የማያውቅ ጣሊያናዊ የለም። ገንዘቡ ካለ ሪዜርቫ፤ ከሌለ ሚሌዚማቶ። ተቀባዩ ወይን ጠጅ የሚያውቅ ሰው ከሆነ ግን አልታ ላንጋ ይበልጥ ያስደስተዋል፤ አስባችሁ እንደመረጣችሁ ይገባዋል።

*ለቅዳሜ ከሰዓት ከጓደኛ ጋር።* ፕሮሴኮ ግዙ። ርካሽ ነው፤ አልኮሉ ብዙውን ጊዜ 11 በመቶ ገደማ ነው፤ ፍሬያማ ነው። ስፕሪትስ የመሳሰሉ ድብልቆች ውስጥ 30 ወር የተኛ ወይን ጠጅ መጨመር የዚያን ሁሉ ጊዜ ልፋት ማጥፋት ነው።

*አንድ ጠርሙስ ብቻ ገዝቶ ልዩነቱን ማወቅ ለሚፈልግ።* አልታ ላንጋ። 30 ወሩ በሕግ የተረጋገጠ ነው፤ የትኛውን ዓይነት ልምረጥ ብሎ መጨነቅም የለም።

ከመግዛታችሁ በፊት የጠርሙሱን ጀርባ አንብቡ። ብዙ አምራቾች የስቦካቱራውን ወርና ዓመት ይጽፋሉ። መሠረታዊው ዓይነት አተላው ከወጣለት በኋላ ባሉት አንድ ሁለት ዓመታት ውስጥ ቢጠጣ ይመረጣል፤ ሱቅ ውስጥ መብራት ስር ሦስት ዓመት የቆመውን ተዉት። ቤት ስትደርሱ ጨለማና ቀዝቃዛ ቦታ አስቀምጡት። በ8 ዲግሪ አካባቢ ይቀዳ፤ ሪዜርቫ ከሆነ ትንሽ ሞቅ ብሎ በ10 ዲግሪ። ከቀጭኑ ረጅም ብርጭቆ ይልቅ ሆዱ ሰፋ ያለ የነጭ ወይን ጠጅ ብርጭቆ ተጠቀሙ፤ ወራት የወሰደው ሽታ የሚከፈተው እዚያ ውስጥ ነው። ሽቦውን ስትፈቱ አውራ ጣታችሁ ከቡሹ ላይ አይነሳ። ቡሹን አጥብቃችሁ ይዛችሁ ጠርሙሱን አዙሩት።